አስኳሉ እንዳይፈርስ

ከባቲ የጻፈልን ወጣት እናቱን ካጣ ወዲህ የቤቱ ቁርስ ሠሪ እሱ ሆኗል። «ትንሿ እህቴ፣ እማዬ እንደምትሠራልኝ አስኳሉ ድፍን ካልሆነ አልበላም ትላለች። እኔ ስጠብሰው ሁሌ ፍርፍር ይሆንብኛል። ምን ይሻለኛል?» ይለናል።

አይዞህ ወንድማችን፤ ጥፋቱ የእጅህ ብቻ አይደለም። እንቁላል ሲቆይ፣ በተለይ በእናንተ አገር ሙቀት፣ አስኳሉን የያዘው ስስ ሽፋን ይላላል። ትንሽ ሲነካ ይፈርሳል። ከሰኞ ገበያ ስትገዛ መቼ እንደተጣለ ጠይቅ። ቤት ስትገባ ውሃ ውስጥ ክተተው፤ አዲሱ ከሥር ይጋደማል፣ የቆየው ይቆማል፣ የሚንሳፈፈው ግን ይቅርብህ።

ከዚያስ? በመጥበሻው ጠርዝ አትስበረው፤ ስባሪው አስኳሉን ይወጋዋል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ መታ አድርገህ መጀመሪያ ኩባያ ውስጥ ገልብጠው። እዚያው ከፈረሰ ለራስህ ፍርፍር ይሁን! ዘይቱን በመጠነኛ እሳት አሙቅና ኩባያውን ወደ መጥበሻው ዝቅ አድርገህ ቀስ ብለህ አንሸራተው። አትነካካው፣ አታገላብጠው። ነጩ ሲይዝ በዳሩ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርገህ ቶሎ ክደነው፤ እንፋሎቱ ከላይ ያበስለዋል።

አንድ ነገር አደራ፦ እህትህ ልጅ ናትና አስኳሉ እስኪጠነክር ይቆይላት። በደንብ ያልበሰለ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል፣ ሆድ የሚያውክ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ድፍንም ይሁን፣ ብስልም ይሁን።

ነገ ቢፈርስብህ ደግሞ አትዘን። እማዬም በአንድ ቀን አልለመደችውም።