የሚናገር ሙዚቀኛና የሚሰማ ሠሪ

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ በተነሣ ቁጥር አንድ የተለመደ አስተያየት ይደመጣል፤ ሙዚቀኛው ይጫወት፣ መሐንዲሱ ይሥራ፣ አንዱ በሌላው ሙያ ጣልቃ አይግባ የሚል። አስተያየቱ ሥርዓት ያለው የሥራ ክፍፍል ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የሙዚቀኛውን ጆሮ ከመሣሪያው አሠራር የሚያርቅ፣ መሐንዲሱንም በገዛ ግምቱ ውስጥ የሚያስር አጥር ሆኖ ይገኛል። የአጥሩን ከንቱነት ለመረዳት አንዲት ትንሽ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መመልከት ይበቃል፤ እርሷም የሚዲ መከታተያ ናት።

ሚዲ ትእዛዝ እንጂ ድምፅ አይደለም። የኪቦርድ ቁልፍ ሲነካ፣ የትኛው ቁልፍ እንደተነካና በምን ያህል ፍጥነት እንደወረደ የሚናገሩ ቁጥሮች ወደ ሌላ መሣሪያ ወይም ወደ ኮምፒዩተር ይጓዛሉ። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 127 ይደርሳሉ፤ መንገዱ 16 ቻናሎች አሉት፤ በነባሩ ሽቦ በሴኮንድ 31,250 ቢት ይተላለፋል። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ዜማውን ራሱን አልያዘም፤ ለሚያውቀው ሰው ያስታውሳል እንጂ። ምልክቱ በትክክል መዜሙን የሚያረጋግጠው የመሪጌታው ጆሮ ነው።

የሚዲ ስምምነት ራሱ የተወለደው በመደማመጥ ነው። ቀድሞ ፋብሪካዎች ሲንተሳይዘሮቻቸውን በየራሳቸው ቋንቋ ያናግሩ ስለነበር የአንዱ መሣሪያ ከሌላው ጋር መግባባት ይቸግረው ነበር። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ከቼት ዉድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1981 የጋራ ቋንቋ ሐሳብ አቀረበ፤ የጃፓኑ ሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺም ለዚሁ ዓላማ ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተካሄደው የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት የስሚዝ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 ተገናኝተው በሕዝብ ፊት ተነጋገሩ። በገበያ የሚሻሙ ፋብሪካዎች ይህን ያህል ከተደማመጡ፣ አንድ ፕሮግራም ሠሪ የገዛ ተጠቃሚውን ላለመስማት ምን ምክንያት አለው?

የመከታተያው ተግባር ግልጽ ነው። ቁልፍ ተነክቶ ድምፅ ሲጠፋ፣ ወይም እጅ ከተነሣ በኋላ ድምፁ አልቆም ሲል፣ ጥፋቱ የኪቦርዱ፣ የሽቦው ወይስ የተቀባዩ መሆኑን ለመለየት የሚያልፈውን ትእዛዝ ሁሉ በስክሪን ላይ በተራ ይዘረዝራል። ሠሪው ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁልፍ ነክቶ አንድ መስመር ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሙዚቀኛው ግን ፕሮግራሙን ወደ ልምምድ ቦታ ይወስደዋል። እዚያ የከበሮውን ድምፅ የሚያወጣው ማሽን ለእያንዳንዱ ምት 24 የጊዜ ምልክት ይልካል። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ሲሄድ በየሴኮንዱ 48 መስመር ይወርዳል፤ የተፈለገችው አንዲት የቁልፍ ትእዛዝ በጎርፉ ትወሰዳለች። «የጊዜ ምልክቱን ደብቅልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ማጣሪያ ማበጀት ይበቃል። ጥያቄውን የሚያመጣው ግን ችግሩ የደረሰበት ተጫዋች ነው።

ሌላም አለ። የመካከለኛው ዶ ቁጥር 60 ነው፤ ያማሃ ሲ3 ሲለው ሌሎች ብዙዎች ሲ4 ይሉታል። የተለያየ ፋብሪካ ኪቦርድ የያዙ ሁለት ሙዚቀኞች በአንድ ስም ሁለት ድምፅ ሊጠሩ ይችላሉ። ደግሞም የቁልፍ መለቀቅ በሁለት መልክ ይነገራል፤ በራሱ በመልቀቂያው ትእዛዝ፣ አለዚያም ፍጥነቱ 0 በሆነ የመንካት ትእዛዝ። ሠሪው ለማሳመር ብሎ ሁለቱን አንድ አድርጎ ካሳየ፣ የማይቆመውን ድምፅ መንስኤ የሚፈልገው ሰው ማስረጃውን ተነጠቀ ማለት ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታን ለማሳየት የተሠራ ፕሮግራም ራሱ ሲሸሽግስ ምን ሊባል ነው?

የአጥሩ ጠበቆች መልስ አያጡም። «ተጠቃሚ ሁሉ የየራሱን ይሻል፤ ሁሉንም የሰማ ሠሪ መድረሻው በአዝራር የተጨናነቀ ፕሮግራም ነው» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ይሁን እንጂ ምስክርነትና ፍርድ ለየቅል ናቸው። ተጠቃሚው ምስክር ነው፤ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳየ ይናገራል። ፍርዱ የሠሪው ነው። አዲስ አዝራር የጠየቀው ሰው በእርግጥ የጎደለው፣ የነበረው አዝራር በሚታይ ቦታ አለመቀመጡ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ በሁለተኛው ገቢር ሲያዛጋ ያየ ጸሐፌ ተውኔት ብዕሩን ለተመልካች አያስረክብም፤ የተዛጋበትን ቦታ ግን ልብ ይላል። ማዛጋቱን እንደ ስድብ የቆጠረ ደራሲ የሚቀጥለውም ተውኔቱ ያስዛጋል።

ነቀፌታው ለሠሪው ብቻ የሚተው አይሆንም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል ለሌላ ጉዳይ ያገለግል እንደሆነ እንጂ በመሣሪያ ሥራ ዝምታ ይነቅዛል። «አልሠራም» ብሎ ፕሮግራሙን የሚጥል ሙዚቀኛ ፊቱን አዞረ እንጂ ሂስ አልሰጠም። ሂስ ማለት በየትኛው ኪቦርድ፣ በየትኛው ቻናል፣ የቱ ቁልፍ ሲነካ ምን እንደታየ ለይቶ መናገር ነው።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕዶ ካሴት አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም ኪቦርድ በሠርጉ፣ በምሽት ክበቡና በስቱዲዮው የብዙ ተጫዋቾችን ቦታ ይዟል። ክራርና መሰንቆ የሚቃኙት በጆሮ ነው። ኪቦርዱ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ከፍሎ ይመጣል። አንቺ ሆዬ በክራር ሲቃኝ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ብልኁ ተጫዋች በኪቦርዱ ጎን ባለው መዘውር ድምፁን ሳብ ያደርገዋል። የመዘውሩ ትእዛዝ 16,384 ደረጃዎች አሉት። ስለዚህ ቁልፉን «64» ብሎ ጽፎ የመዘውሩን ስበት የሚሰውር መከታተያ የሚያሳየው ፋብሪካው የጠበቀውን ድምፅ ነው፤ ተጫዋቹ ያወጣው ድምፅ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። ስበቱ ከቁልፉ ጎን ይጻፍ ብሎ መጠየቅ የባለ ቅኝቱ ፋንታ ነው። እርሱ ካልጠየቀ በ12ቱ እኩል ክፍል የሚረካው ሌላው ሙዚቀኛ አይጠይቅለትም።

ደንቡማ በሩን አልዘጋም። ከእኩል ክፍፍሉ የተለየ ቅኝት ለማዘዝ የሚያስችለው የሚዲ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1992 ጸድቋል፤ በ2020 የጸደቀው ሚዲ 2.0ም እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ለመሳብ ይፈቅዳል። በወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ግን ጠያቂ ካላገኘ በስክሪን ላይ አይታይም።

እንግዲህ ሠሪው ፕሮግራሙን ያለቀ ብሎ ከመፈረሙ በፊት ሙዚቀኛ በሚለማመድበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይመልከት። ሙዚቀኛውም ያየውን በዝርዝር ይጻፍ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ከጣት ሥልጠናው ጎን ለጎን የመሣሪያን ጉድለት ለይቶ የመናገር ልማድ ያስተምሩ። መሪጌታ የተማሪውን ዜማ የሚያርመው ተማሪው ድምፁን አውጥቶ ሲያዜም ነው። ባለ ቅኝቱ ዝም ባለ ቁጥር ለመሣሪያው ቅኝት የሚያወጣለት ሌላ ሰው ይሆናል።