ግራናይቱ ለማን ነው?

ጎበዝ፣ እስቲ እንጠያየቅ። ቀይ ሽንኩርት ለመክተፍ የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ግዴታ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ነገሩን ያስነሳው የአንዲት ወዳጃችን ኩሽና ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። ከላቫንዲኖው ሥር ያለችው ካቢኔት ድስቱን፣ ሰሃኑን፣ የሽሮና የበርበሬውን ባልዲ አልችልም አለች። እናም ፊት ለፊት ባለው ባዶ ግድግዳ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ካቢኔት ለመጨመር ወሰነች። አናጺ ጠራች፤ ለካ፣ ዋጋ ተናገረ፣ ተከራከረችው፣ ወረደላት። እሰየው አልን። ከዚያ በኋላ ነው ያቺ ጥያቄ የመጣችው፤ «ላዩስ?»

ላዩማ ግራናይት ነዋ! አናጺው እንዲያ አለ፣ ባለሱቁ እንዲያ አለ፣ የደረጃ ጎረቤቷ እንዲያ አለች፣ የባሏ እህትም እንዲያ አለች። «የድሮው ግራናይት ሆኖ አዲሱ ሌላ ከሆነማ ያስቃል» ተባለ። ዋጋ ሲጠየቅ ድንጋዩ፣ ማስቆረጫው፣ ጠርዙን ማስወልወያው፣ ማስጫኛውና አራተኛ ፎቅ ድረስ ማስወጫው ተደምሮ ከካቢኔቱ ከራሱ በለጠ። ወዳጃችን የዕቁብ ዕጣ ከሰው ልትገዛ ስትነሳ ነው እኛ ጣልቃ የገባነው። (ጣልቃ መግባት ሙያችን ነው፤ ባይሆን ኖሮ አንጽፍም ነበር።)

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። ለተጨማሪ ካቢኔት ግራናይት መግዛት ለደመወዝተኛ ወጣት ቅንጦት እንኳ አይደለም፤ ቅንጦትማ የሚያስደስት ነገር ነው። ይህ የይሉኝታ ግብር ነው።

ድንጋዩን አንሰድብም። ግራናይት ጠንካራ ነው። ትኩስ ድስት ቢቀመጥበት ግድ የለውም፣ ቢላ አይጭረውም፣ ሎሚ አይበላውም። ጥያቄያችን፣ እነዚህ ጠባዮች አዲሱ ካቢኔት ላይ ምን ይሠራሉ ነው። ተጨማሪ ካቢኔት ማለት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ምድጃም ላቫንዲኖም የሌለበት ካቢኔት ማለት ነው። ላዩ ላይ የሚውለው ቴርሞሱ፣ ብሌንደሩ፣ የእንጀራ መሶቡ፣ የዳቦው ላስቲክ፣ ቻርጅ ላይ የተሰካው ስልክ ነው። ለስልክ ማሳረፊያ ዕጣ ይገዛል?

ታዲያ ግራናይቱ ለማን ነው? እንግዳ በእኛ አገር ሳሎን ነው የሚቀመጠው፤ ኩሽና ድረስ ዘልቆ ቶፑን የሚዳስስ እንግዳ ካለ እንግዳ ሳይሆን ገምጋሚ ነው። ኩሽናዋን በየቀኑ የምታየው የምታበስለዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ስትጠየቅ የምትለው «ሰፋ ያለ ቦታ፣ ቶሎ የሚጸዳ ነገር» ነው። ግራናይት የሚለው ቃል የሚወጣው ከደላላው አፍ ነው። «ኪችኑ ግራናይት ነው» ሲል የኪራዩ ቁጥር አብሮ ከፍ ይላል። ሌላው ጠያቂ ቲክቶክ ነው። አንዷ ኪችኗን ስታስጎበኝ መቶ ሺህ ሰው ያያል፤ በማግስቱ የሁላችንም ካቢኔት ያረጀ ይመስለናል።

ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ ማብቂያ (በእኛ አቆጣጠር ነው) መገንባት ሲጀምር ሐሳቡ አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው ቤት ማድረስ ነበር። ፊኒሺንጉ በአብዛኛው ለባለዕድሉ ተተወ፤ እንደ አቅሙ ቀስ እያለ ይጨርሰው ማለት ነው። እኛ ግን «እንደ አቅም» የሚለውን ጣልነውና «እንደ ጎረቤት» አደረግነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን በተረከበ ማግስት የሚበደረው ለዚሁ ነው።

ስለ «መመሳሰል» አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱም ወዳጃችንን ያሸነፋት ይህ ቃል ነው። የድሮውን የሚመስል ግራናይት አይገኝም። የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፤ በአንድ ስም የሚሸጠው እንኳ ከጭነት ጭነት ይለያያል። የእናንተው ደግሞ ስምንት ዓመት ዘይት ጠጥቶ፣ በረኪና ታጥቦ ሌላ መልክ ይዟል። ለመመሳሰል ሞክሮ ያልተሳካለት ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ሲሆን ነው የሚያስቀው። ጨርሶ የተለየ ነገር ሲሆን ግን ሰው «አስባበት ነው» ይላል። ከፊት ለፊት ያለ ግድግዳ ሲሆንማ ማን ያስተያየዋል?

ዋጋው ለምን እንዲህ ሰማይ ነካ ለሚል፣ አብዛኛው ሱቅ ላይ ያለው ግራናይት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ድንጋይ ስትገዙ ዶላር እየገዛችሁ ነው። አገራችን እኮ ድንጋይ አላጣችም፤ ቤንሻንጉል እምነ በረድ አለ፣ ወለጋና ሐረርጌ ግራናይት አለ። የሱቆቹ መደርደሪያ ግን ይህን አይናገርም፤ ስትጠይቁም «የአገር ውስጥ» የሚለውን ቃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት፣ ጉድለት ይመስል።

ማንም የማያነሳው ደግሞ አለ። ድንጋይ ቆራጩን አይታችሁታል? በየመንገዱ ዳር ባለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ውሃ በደረቁ ሲቆርጥ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ ይሆናል። አፉ ላይ ቢበዛ ሻሽ ነው ያለው። ግራናይት ውስጥ እስከ 45 በመቶ ሲሊካ ሊኖር ይችላል፤ የዚህ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ሳንባውን ያጠነክረዋል፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። አሁን ፋሽን የሆነው «ኳርትዝ» የሚባለው በፋብሪካ የተጋገረ ድንጋይ ደግሞ ይብሳል፤ ሲሊካው ከ90 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። አውስትራሊያ ወጣት ቆራጮቿ በሳንባ በሽታ ሲወድቁባት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህንን ድንጋይ ማምረትም መሸጥም መግጠምም ከልክላለች። እኛ ዘንድ «ዘመናዊ» ተብሎ ገና መግባቱ ነው። ድንጋይ ማስቆረጥ ግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ በውሃ የሚቆርጥ ፈልጉ፤ ትንሽ ቢያስጨምራችሁም ጨምሩ።

«እሺ፣ ተችታችኋል፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉ ይሆናል። ደግ።

ለወዳጃችን ያልናት ፖርሰሊን ነው። ለወለል የሚሸጠው፣ 60 በ60 የሆነው። የካቢኔት ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለ1 ሜትር ከ80 ሦስት ፖርሰሊን ብቻ ይበቃል። ሦስት! ባለሱቆች ደግሞ ከጭነት የተረፉ አራትና አምስት ፍሬ ይኖሯቸዋል፤ ወለል አይሸፍኑም፣ ቦታ ይይዛሉ፣ እንዲገላገሏቸው ነው የሚፈልጉት። እዚያ ላይ ነው መከራከር። መጋጠሚያው ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ ቆሻሻ የሚይዝበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ፖርሰሊን ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ እርድ ቢደፋበት በጨርቅ ይለቃል። ሲሸጡላችሁ ግን የግድግዳ ሴራሚክ እንዳያስታቅፏችሁ። ጀርባው ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ከጠጣው የግድግዳ ነው፣ መልሱት። ከሥሩ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይነጠፋል፣ በሴራሚክ ማጣበቂያ ይለጠፋል፣ የፊት ጠርዙ በአሉሚኒየም ይታሰራል። መጋጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ የሚሞላላችሁን ባለሙያ አስቁሙት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እርዱና በርበሬው ቢጫ ያደርገዋል። ግራጫ ይሁን።

እንከኑን አንደብቅም፤ ሙቀጫ አይችልም። ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ስትፈልጉ ወለል ላይ ውረዱ። እናቶቻችንም እዚያው ነበሩ።

ሁለተኛው ሊሾ ነው። አዎ፣ ሊሾ! የአያቶቻችን ቤት ወለል፣ በሰም ተወልውሎ ፊት የሚያሳየው። አሁን በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ «የኮንክሪት ቶፕ» እየተባለ ሲወጣ እንቋምጣለን፤ የራሳችን ግንበኛ ሊሠራው ሲል ግን «የድሃ ቤት አታስመስልብኝ» እንላለን። በጣውላ ቅርጽ ተሠርቶለት፣ ባለ 6 ፌሮ ገብቶበት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢሞላ፣ ለዚያችው 1 ሜትር ከ80 የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ግማሽ እንኳ አይፈጅም። ከዚያ ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት። ግንበኛው በሦስተኛው ቀን «ደርቋል» ቢላችሁ እንዳትሰሙት፤ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚሆን በቺፑድ ሳጥን ላይ አይጫንም፤ በብሎኬት እግር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በሩን አናጺው ይገጥማል። ሎሚና ኮምጣጤ ምልክት ይጥሉበታል፣ ዘይትም ይጠጣል፤ ስለዚህ ሲለር ይቀባ፣ በዓመት በዓመቱም ይታደስ። ይህን የማይታገሥ ወደ ፖርሰሊኑ ይመለስ።

ድንጋይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ ደግሞ ቁራጭ አለ። ለላቫንዲኖ ሲበሳ ከመሃል የሚወጣው ድንጋይ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቆራጩ ዘንድ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሄዳችሁ ጠይቁ። ጥቁር ከሆነ አሴቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው። በነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ ስታሹት ጨርቁ ከጠቆረ፣ ጥቁር ተቀብቶ የተሸጠ ግራጫ ድንጋይ ነው። እምነ በረድ ከሆነ ደግሞ ሎሚ ይበላዋል፤ ለቡና ማቅረቢያ እንጂ ለሰላጣ መክተፊያ አይሆንም።

ኤምዲኤፍ ላይ እብነ በረድ መሳይ ፕላስቲክ ተለጥፎ ስለሚሸጠው ብዙ አንልም። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ የመጀመሪያው ክረምት ድረስ። ጠርዙ አንዴ ውሃ ካገኘ እንደ ተነፋ ዳቦ ያብጣል፤ ያበጠ ኤምዲኤፍ ደግሞ አይመለስም። ከዚያ እውነተኛው ፎርማይካ፣ ጠርዙ በደንብ ታሽጎ ኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈው፣ አሥር እጅ ይሻላል። ብዙ ቢሮዎች ውስጥ አሁንም ያለውን የድሮ ጠረጴዛ እዩ።

ተከራዮች፣ እናንተን አልረሳንም። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ብሏል። መልካም ነው፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ግራናይታችሁን ነቅላችሁ ልትሄዱ ነው? ለአከራያችሁ ስጦታ ነው የሰጣችሁት፤ እሱም ለቀጣዩ ተከራይ «ግራናይት ኪችን» ብሎ ያከራየዋል። እግር ያለው፣ ከግድግዳው ያልተመታ፣ ላዩ ሦስት ፖርሰሊን የሆነ ካቢኔት ግን አይሱዙ ላይ ወጥቶ አብሯችሁ ይሄዳል።

የወዳጃችን ጉዳይ የት ደረሰ? ፖርሰሊኑን ገዝታ ልታስለጥፍ ስትል እናቷ ከደብረ ብርሃን መጡ። ካቢኔቱን አዩ፣ በስንዝር ለኩ፣ «ልጄ፣ ምጣዱ የት ሊቀመጥ ነው?» አሉ። ሁላችንም ዝም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሳህን ብቻውን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ቀፎው ሲጨመር 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቶፕ ላይ ጠርዙ ይንጠለጠላል። ቁመቱም 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ ሊጥ ለማዞር ክንድ ትከሻ ድረስ ይነሳል። አናጺውም፣ ባለሱቁም፣ እኛም ስለ ድንጋይ ስንጨቃጨቅ አንዳችንም ምጣድ አልለካንም። ካቢኔቱ ተመልሶ አናጺው ዘንድ ሄደ፤ ግማሹ ዝቅ ብሎ 75 ሴንቲ ሜትር ወርዱ በዚያ በኩል ሰፋ፣ ላዩም በእናትየው ምርጫ ሊሾ ሆነ፣ ግማሹ እንዳለ ፖርሰሊን ቀረ። የባሏ እህት እስካሁን አላየችውም።

የግራናይት ጠበቆች መልስ ካላችሁ ጻፉልን፤ እናወጣዋለን። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሜትር ይዛችሁ ኩሽና ግቡና ምጣዱን ለኩት።