ጨዋታ ሳይጀመር ደረጃ!

ኦገስት 30 ቀን 2025 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮለምበስ ላይ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፈ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ቴክሳስ ወደ ሜዳ የገባው ግን "የአገሪቱ አንደኛ" የሚል ታርጋ ለጥፎ ነው። ማንንም ሳያሸንፍ! በአሶሼትድ ፕሬስ የቅድመ ውድድር ደረጃ አንደኛ ሆኖ ሲጀምር በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ምሽት ደጋፊው ፍርዱን ሰጠ። አርች ማኒንግ፣ የ21 ዓመቱ ኳርተርባክ፣ የእነ ፔይተንና ኢላይ ማኒንግ የወንድም ልጅ፣ አለቀለት ተባለ። በስም የመጣ ነው፣ በአጎቶቹ ዝና የተሸጠ ነው ተባለ። ከሦስት ወር በኋላ ይኸው ልጅ የመራው ቡድን እስከዚያ ዕለት ሽንፈት ያልቀመሰውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 27 ለ 17 ረታ። ያኔ ፍርድ የሰጡት ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁም፤ ወደሚቀጥለው ፍርድ አለፉ።

ይህ የደጋፊ ወግ ነው፣ ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። ክፋትማ አለው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ የደጋፊ አስተያየት ከአፍ አያልፍም። በኮሌጁ ፉትቦል ግን አስተያየት ነጥብ ሆኖ ይቆጠራል፤ ልዩነቱን የማያይ ደጋፊ ራሱ የሚጫወተው ቁማር ምን እንደሆነ አያውቅም።

መጀመሪያ ፕሮፌሽናሉን እንይ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2003 የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ የመክፈቻ ጨዋታውን በቡፋሎ ቢልስ 31 ለ 0 ተሸነፈ። ቡድኑ ከጥቂት ቀናት በፊት ሎየር ሚሎይ የተባለውን አንጋፋ ተከላካይ አሰናብቶ ነበር፤ ሚሎይ በዚያ ጨዋታ ለቡፋሎ ተሰልፏል። ተጫዋቾቹ አሰልጣኙን ጠልተውታል፣ ቡድኑ ፈርሷል፣ ቢል ቤሊቺክ መሄድ አለበት የሚለው ወሬ ቦስተንን አጥለቀለቀው። ከዚያ ምን ሆነ? ዓመቱን 14 ለ 2 ጨረሱ፣ በመዝጊያው ሳምንት ያንኑ ቡፋሎን በዚያው ውጤት 31 ለ 0 መለሱለት፣ ሱፐር ቦውሉንም ወሰዱ። የወሬው ማዕበል ከቡድኑ ላይ አንዲት ነጥብ አልቀነሰም።

በ2024 ደግሞ ተገላቢጦሹ ታየ። ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች 47 እና 44 ነጥብ ሲያስቆጥር ደጋፊው ለሱፐር ቦውል ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። ቡድኑ ዓመቱን 5 ለ 12 ጨረሰ፤ አሰልጣኙም ኖቬምበር ላይ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ኢግልስ አራት ጨዋታ አድርጎ ሁለቱን ተሸንፎ ነበር፤ ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው። ኤንኤፍኤል 32 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 17 ጨዋታ ያደርጋል፣ 14ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። ማን እንደሚገባ ሠንጠረዡ ይናገራል። ስለዚህ እዚያ ደጋፊ ሴፕቴምበር ላይ የፈለገውን ቢጮህ ከጎረምሳ ፉከራ አያልፍም።

ኮሌጁ እንዲህ አይደለም። በ2025 በላይኛው እርከን 136 ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር 12 ጨዋታ ብቻ ያደርጋል። አብዛኞቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ታዲያ ማን ከማን ይበልጣል? እዚህ ላይ አስተያየት የሠንጠረዡን ወንበር ይይዛል።

አስተያየቱ የሚጀምረው ደግሞ ሜዳው ላይ ላብ ሳይንጠባጠብ ነው። ኦገስት አጋማሽ ላይ ስልሳ ያህል የስፖርት ጋዜጠኞች 25 ቡድኖችን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። አንደኛ የተባለው 25 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው 24፣ እያለ ይወርዳል። ድምፅ መስጠቱ ከ1936 ጀምሮ አለ፤ ከጨዋታ በፊት የሚወጣው ደረጃ ከ1950 ጀምሮ። ማስረጃቸው ያለፈው ዓመት ውጤት፣ የዝውውር ዜና፣ ከልምምድ ሜዳ የሚወጣ ሹክሹክታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የ2025ቱን ብቻ እንይ። ሁለተኛ የተባለው ፔን ስቴትና አራተኛ የተባለው ክሌምሰን ዲሴምበር ላይ የተገናኙት ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ለዋንጫው ምንም በማይፈይድ የማጽናኛ ግጥሚያ ነው። ሁለቱም 7 ለ 6 ሆነው ዓመቱን ዘጉ። ሃያኛ የተባለው ኢንዲያናስ? 16 ጨዋታ አድርጎ 16ቱንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ የተለመደው መልስ ይመጣል፦ የጋዜጠኞቹ ደረጃ ሥልጣን የለውም፤ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡትን የሚመርጠው ሌላ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የመጀመሪያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ዓመቱ ሲጋመስ ነው። እውነት ነው። ግን ኮሚቴው እስከዚያ መጠበቁ ራሱ ምስክር አይደለም? ኦገስት ላይ መፍረድ እንደማይቻል ገብቶታል ማለት ነው። ደግሞስ የኮሚቴው አባላት ከሰማይ አልወረዱም። ሁለት ወር ሙሉ በየቴሌቪዥኑ ከቡድኑ ስም ጎን የተለጠፈውን ቁጥር ሲያዩ ከርመዋል። ስድስተኛ ሆኖ የጀመረ ቡድን ሲሸነፍ "ችግር ገጠመው" ይባላል፤ ሃያኛ ሆኖ የጀመረ ሲያሸንፍ "እስኪ ማንን ገጥሞ ነው?" ይባላል።

የማያሚንና የኖትር ዳምን ጉዳይ ማንሳት የግድ ነው። ኦገስት 31 ቀን 2025 ማያሚ ኖትር ዳምን 27 ለ 24 አሸነፈ። ኖትር ዳም በቀጣዩ ጨዋታም በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 41 ለ 40 ተረታ፤ በሁለት ጨዋታ በድምሩ በአራት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለት ሽንፈት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ማያሚም 10 ለ 2 ጨረሰ። ሁለቱ እኩል ሽንፈት አላቸው፤ ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዱ አሸንፏል። ለሠፈር ልጅ ቢሰጠው የማይከብድ ዳኝነት ነው። ኮሚቴው ግን ሳምንታት ሙሉ ኖትር ዳምን ከማያሚ በላይ አስቀምጦ ቆየ። ከዚያ በመጨረሻው ቀን፣ ሁለቱም በዚያ ሳምንት ሳይጫወቱ፣ ቦታ አቀያየራቸው። ማያሚ አሥረኛ ሆኖ ገባ፤ ኖትር ዳም አሥራ አንደኛ ሆኖ ውጭ ቀረ።

ኖትር ዳም ተቆጣ፤ የማጽናኛውን ግጥሚያም አልጫወትም አለ። ቁጣው ይገባል። ሰው ለሳምንታት ግባ እየተባለ ቆይቶ በሩ ላይ ሲመለስ ይቆጣል። የተበደለው ግን ማያሚ ነበር፤ ሜዳ ላይ ያገኘው ድል ሦስት ወር ሙሉ ሳይቆጠርለት ከርሟል። የገባው ማያሚ ኤ ኤንድ ኤምን፣ ኦሃዮ ስቴትንና ኦል ሚስን ጥሎ ለዋንጫ ደረሰ፤ በኢንዲያና የተሸነፈውም 27 ለ 21 ነው።

የኖትር ዳም ደጋፊዎች ክርክር ደጋግሞ የሚሰማ ነው፦ የኦገስት ጨዋታ ያረጀ ነው፣ ቡድኑ አድጓል፣ ዛሬ ቢገናኙ እናሸንፋለን። ዛሬ ቢገናኙ! ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የመክፈቻ ሳምንት ውጤት ዲሴምበር ላይ የማይቆጠር ከሆነ ያን ቀን ትኬት የገዛው ሕዝብ ምን ሊያይ ነው የገባው? የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት እንደማንኛውም ውጤት ይቆጠር። መጣል ያለበት ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት የተነገረው ነው።

አስተያየት ውጤትን መርገጥ ሲፈቀድለት የት እንደሚደርስ ፍሎሪዳ ስቴትን ይጠይቋል። በ2023 አሥራ ሦስት ጨዋታ አድርጎ አሥራ ሦስቱንም አሸነፈ። ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ ስለተጎዳ "ያለ እሱ አይችሉም" ተብሎ በወቅቱ ከነበሩት አራት ቦታዎች ተከለከለ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ገባ። ዓመቱ ተቀይሮ በ2024 ያው ቡድን ገና ሳይጫወት አሥረኛ ነው ተባለ። ደብሊን ላይ በጆርጂያ ቴክ 24 ለ 21 ተሸንፎ ጀመረ፣ 2 ለ 10 ሆኖ ጨረሰ። ሲያሸንፍ አልታመነም፤ ሳይጫወት ታመነ።

ገንዘቡም አለ። ፔን ስቴት በጃንዋሪ 2025 ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነበር። ሁለተኛ ተብሎ በጀመረው ዓመት በኦሪገን በሁለት ጭማሪ ሰዓት ተረታ፣ ከዚያ አንድም ጨዋታ ባላሸነፈው ዩሲኤልኤ 42 ለ 37፣ ከዚያ በኖርዝዌስተርን በአንድ ነጥብ። ኦክቶበር 12 አሰልጣኙ ጄምስ ፍራንክሊን ተባረረ። በውሉ መሠረት ይከፈለው የነበረው ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል (ሌላ ሥራ በማግኘቱ በኋላ በድርድር በብዙ ቀንሷል)። ሦስቱ ሽንፈት በርግጥ የራሱ ነው፤ በተለይ የዩሲኤልኤው ምንም ሰበብ የለውም። ግን ዓመቱ ሲጀመር አሥራ አምስተኛ የተባለ ቡድን ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ጨዋታ ማግሥት ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ አሰልጣኝ የሚያባርር ዩኒቨርሲቲ ይኖር ነበር? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የፈሰሰው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ነው።

ውርርዱን ያልቆጠረ ሒሳብ አይሞላም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2018 የስፖርት ውርርድ ክልከላውን ካነሳ ወዲህ የደጋፊ አስተያየት ዋጋ የሚወጣለት ሸቀጥ ሆኗል። የውርርድ ቤት ነገር ለአዲስ አበባ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እዚያ ግን ኳሱን የያዘው ብዙ ጊዜ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ነው። የኤንሲኤኤ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በ2024 በግለሰብ ተማሪ ተጫዋቾች ብቃት ላይ የሚደረግ ውርርድ እንዲከለከል ክልሎችን የጠየቁት በከንቱ አይደለም። የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ኳስ ስለጣለ ስልኩ በስድብና በዛቻ ይሞላል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አምስተኛው ሳምንት እስኪያልቅ ድረስ ደረጃ አይውጣ። ጋዜጠኞቹ ድምፃቸውን ይያዙ። ይህን የሚቃወመው ማን እንደሆነ ግን ይታወቃል፤ ቴሌቪዥኑ ነው። "አንደኛው ከሦስተኛው" የሚል ማስታወቂያ ቴክሳስና ኦሃዮ ስቴትን ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲያያቸው አድርጓል። ቁጥሩ የሚወጣው እንዲሸጥ ነው፤ ለዚህም ነው ስህተቱ በየዓመቱ የማይታረመው።

ቴክሳስ ያን ዓመት 9 ለ 3 ሆኖ ከአሥራ ሁለቱ ውጭ ቀረ። አሰልጣኙ ስቲቭ ሳርኪሲያን በኦሃዮ ስቴት ፋንታ ቀላል ቡድን ገጥመን ቢሆን 10 ለ 2 እንሆን ነበር ብሎ ተከራከረ። ደካማ በነበረው ፍሎሪዳ መሸነፉን ረስቶታል። ቢሆንም ከክርክሩ ውስጥ አንድ አስፈሪ ነገር አለ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም እንደ እሱ ማሰብ ከጀመሩ የመክፈቻው ሳምንት ታላላቅ ጨዋታዎች አንድ በአንድ ይሰረዛሉ፤ በቦታቸው በሚሊዮን ዶላር ተከፍሏቸው ሊሸነፉ የሚመጡ ትናንሽ ቡድኖች ይገባሉ። የቴክሳስና የኦሃዮ ስቴት የመልስ ጨዋታ ለሴፕቴምበር 12 ቀን 2026 ኦስቲን ላይ ተይዟል።