ግስ ሳያወርዱ ቅኔ

በቅኔ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ግስ ያላወረደ፣ ርባ ቅምሩን ያላጠና ደቀ መዝሙር «ጉባኤ ቃና ልቁጠር» ብሎ ከመምህሩ ፊት አይቆምም። ቢቆምም «ሂድና ግስህን አጽና» ተብሎ ይመለሳል። መምህሩ ይህን የሚለው ተማሪውን ንቆ አይደለም፤ ሰሙን ያልያዘ ወርቁን እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ነው። የአገራችን የቀለም ቤት ይህን ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ሲኖር፣ ዘመናዊው ተማሪ ቤታችን ግን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በሚያህል ከባድ ትምህርት ላይ ሥርዓቱን በገዛ እጁ አፍርሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ጄኔራል ኬሚስትሪን ይማራል፤ ይፈተናል፤ ደብተሩን አልጋ ሥር ይወረውራል። ከወራት በኋላ ኦርጋኒክን ሊጀምር ሲል ከእርሱ ቀድሞ ያለፈ «አዋቂ» ምክር ይለግሰዋል፤ «ያለፈውን እርሳው። ኦርጋኒክ ሌላ ዓለም ነው። ዋናው ሽምደዳ ነው!» በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህች ምክር ጋር ነው። ምክር ትመስላለች እንጂ ወጥመድ ናት።

«ሌላ ዓለም ነው» የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ብዙ ሊቃውንት፣ ከሕያዋን የሚገኙ ውሕዶች ልዩ «የሕይወት ኃይል» ካልታከለባቸው በሰው እጅ አይሠሩም ብለው ያምኑ ነበር። በ1828 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቮለር በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ፣ ከሕያዋን ወገን ካልተቆጠረው ከአሞኒየም ሳያኔት አገኘው። በሁለቱ ኬሚስትሪዎች መካከል የቆመው ግድግዳ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ፈረሰ። እኛስ ሊቃውንት ያፈረሱትን ግድግዳ በተማሪው አእምሮ ውስጥ መልሰን የምንገነባው ስለ ምን ይሆን?

ይህን የምናገረው ከዳር ቆሜ አይደለም። ያችን ምክር እኔም ሰምቻለሁ፤ አምኜባታለሁም። የኬሚካል ለውጦችን በትንንሽ ካርድ ጽፌ እንደ ዳዊት ደገምኋቸው። የፈተናው ቀን ደረሰ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ «ከኢታኖልና ከአሴቲክ አሲድ ብርቱው አሲድ የትኛው ነው? ለምን?» ይል ነበር። የመጀመሪያውን ከስሙ ገመትሁ። «ለምን» የምትለዋ ግን ባዶዋን ቀረች። በካርዶቼ ላይ «ለምን» አልተጻፈችምና።

ኋላ መልሱን ሳገኘው አፈርሁ። ኢታኖል በጠጃችን ውስጥ ያለው አልኮል ነው፤ አሴቲክ አሲድ ደግሞ ያው ጠጅ ከርሞ ኮምጣጤ ሲሆን የሚያኮመጥጠው። ሁለቱም አሲድነታቸው የሚለካው ከኦክስጅን ጋር የተያያዘውን ሃይድሮጅን በመልቀቃቸው ነው። ነገር ግን የኢታኖል ፒኬኤ 16 ገደማ፣ የአሴቲክ አሲድ 4.76 ነው፤ በዚህ መለኪያ እያንዳንዷ አንድ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት ናትና፣ ልዩነቱ ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱ? ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮኑን ትቶ ሲሄድ ኔጌቲቩ ቻርጅ በኢታኖል በኩል በአንድ ኦክስጅን ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ በአሴቲክ አሲድ በኩል ግን ሁለት ኦክስጅኖች ይጋሩታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ የኤሌክትሮን አሳሳሉም፣ የቻርጅ ቆጠራውም፣ የሚዛን ሕጉም፣ አልጋ ሥር በወረወርሁት ደብተር ውስጥ ነበረ።

«ጄኔራል ኬሚስትሪ እኮ የጋዝ ሕግና የሞል ስሌት ነው፤ ለኦርጋኒክ ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው። የጋዙን ሕግ ለጊዜው ይተወው። ሁሉን ይከልስ አላልሁም። የሚከለሰው ጥቂት ነው፤ ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. ያስተማረን፣ አቶሞችን የሚያስተሳስረው የኤሌክትሮን ጥንድ፤ የቻርጅ አቆጣጠር፤ አቶሞች ኤሌክትሮንን ወደ ራሳቸው የመሳብ ኃይላቸው፤ የሞለኪውል ቅርጽ፤ አሲድና ቤዝ፤ የኬሚካል ሚዛንና ፍጥነት። በፖሊንግ መለኪያ የኦክስጅን የመሳብ ኃይል 3.44፣ የካርቦን 2.55፣ የሃይድሮጅን 2.20 መሆኑን የያዘ ተማሪ፣ ከኦክስጅን ጋር የተጣመረ ካርቦን ኤሌክትሮን የተራበ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ኤሌክትሮን የተረፈው ሞለኪውል ወደዚያ ካርቦን ሲገሰግስም አይደነቅም። በካርድ ከሚሸመደዱት ለውጦች እጅግ ብዙዎቹ የዚህች የአንዲት አሳብ ልጆች ናቸው።

ይህን ለመከለስ ሁለት ሳምንት በቂ ነው፤ ያውም በዓይን እያለፉ ሳይሆን እርሳስ ይዞ በእጅ እየሣሉ። «ሁለት ሳምንት ከየት ይመጣል?» ለሚል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ሁለት ሳምንት ነፍጌ ትምህርቱን በዓመቱ ደግሜዋለሁ።

እኔስ ደገምሁት። አብሮኝ የሸመደደ ጓደኛዬ ግን «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ከነሕልሙ ወጣ፤ ሐኪም ሊሆን የመጣ ልጅ ነበር። ጭንቅላቱ ምንም አልጎደለውም፤ ግስህን አጽና ብሎ የመለሰው ሰው ነው የጎደለው። ክለሳን እንደ ውርደት፣ ሽምደዳን እንደ ብልሃት የሚቆጥር ተማሪ ቤት በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ልጆችን ያሰናብታል፤ እነርሱም ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል።

ስለዚህ ነገ ኦርጋኒክ የምትጀምር ወንድሜ፣ የምትጀምሪ እኅቴ፤ ያ ደብተር አሁንም አልጋ ሥር ነው። ጎንበስ ብላችሁ አንሡት። አቧራውን አራግፉት።