የቤት ፊትና ጀርባ

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ የገብስ ማሳ መካከል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ በደረሰ ጊዜ፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ሕንፃዎች ከፊት ለፊት ብቻ ቢመለከት ከተማይቱ በእጅጉ የበለጸገች ትመስለዋለች፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ጓሮ ገባ ቢል ግን፣ በአሉኮቦንድና በሰማያዊ መስተዋት የተሸለመው ፎቅ ከጎኑ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ፊቱ ላይ የጥርብ ድንጋይ መስመር የተሠመረለት ሱቅም ከኋላው ጭዱ የሚታይ የጭቃ ግድግዳ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ማለቴ ድኻን ለመውቀስ አይደለም። አቅሙ ፊቱን ብቻ ለማስለሰን የፈቀደለት ሰው ቀሪውን ለከርሞ ቢያሳድር የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ከጣሪያ በላይ ዝገው የቆሙት ፌሮዎች፣ ሌላው ሰው ነውር አድርጎ ቢቈጥራቸውም፣ ባለቤታቸው ገና አለመጨረሱን በአደባባይ የሚመሰክሩ ስለ ሆኑ እኔን ከማናቸውም ጌጥ ይልቅ ደስ ያሰኙኛል። ያልተፈጸመ ሌላ፣ ሐሰተኛ ሌላ ነው። ነቀፌታዬ ጭቃ ሆኖ ሳለ ድንጋይ ነኝ በሚለው ላይ ነው።

የጭቃ ቤት አሠራር ራሱ የሐቀኝነት ትምህርት ቤት ነበረ። የባሕር ዛፉ ቋሚ ተተክሎ ማገሩ ከተመታ በኋላ፣ አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር እየተረገጠ፣ እስኪዋሐድ ድረስ ቀናት ያድራል፤ ተመርጎ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ መራጊውም ስንጥቁን አይቶ ጭዱ ማነሱን ይረዳና ሁለተኛውን ምርጊት በዚያው ዕውቀት ያቃናዋል። ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ሳይሸሽግ እንደሚናገር ምእመን፣ ግድግዳው ጉድለቱን ስለማይሰውር ሠሪው ከዓመት ዓመት እየበሰለ ይሄዳል። በሽፋን የተጋረደው ግን ውኃ ሰርጎት ውስጥ ውስጡን ሲበላሽ የሚያይ የለም፤ ከማይታየውም ጥፋት የሚማር አናጢ አይገኝም።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ረስኪን በ1849 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ፣ አንዱን ነገር በቀለም ሌላ ማስመሰልን ከምግባር ጉድለት ቈጥሮ አጥብቆ ነቅፎ ነበር። በዚያው ዘመን ግድም የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ጀርመናዊውን የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐርን ለሥራው ይዘው፣ ደረስጌ ማርያምን ያሳንጹ ነበር። ውቤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ሊቀበሉ አስበው እንደ ነበረ ይተረካል፤ ዳሩ ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ድል አድራጊያቸው ካሣ ኃይሉ ሆኑ። የውቤ ምኞት ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ሕንፃው ግን ለእግዚአብሔር ቤትነት በሚገባው ሁሉ የታነጸ ስለ ነበረ፣ የማንም ዘውድ ሳያስፈልገው ቤተ ክርስቲያንነቱ ጸንቶ ኖረ። ለባለቤቱ ክብር ማሳያ ብቻ የቆመ ቤት ይህን ዕድል አያገኝም።

ከአስመሳዮች ሁሉ የረቀቀው ደግሞ ለቱሪስት ዓይን የሚሠራው ነው። የሰሜን ተራሮችን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ለማስደሰት፣ ከስሩ ቆርቆሮ ከላዩ ሣር ለብሶ ጎጆ የሚባል የሲሚንቶ ክብ ቤት፣ ባህልን አከበርኩ ይበል እንጂ ከሰማያዊው መስተዋት የሚለይበት ነገር የለም፤ ሁለቱም ያልሆኑትን ነን ባዮች ናቸው። በአንጻሩ በሊማሊሞ አፋፍ ላይ የተሠራው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳውን ከተጠቀጠቀ አፈር አቁሞ፣ የአፈሩን መልክ ሳይሸፍን ትቶታል፤ ዘመናዊ ነው፣ አፈርም ነው፣ በሁለቱም አላፈረም። ሲሚንቶም ቢሆን ሲሚንቶነቱን እስካልካደ ድረስ ከእኔ ዘንድ ጠላት የለውም።

አንድ ሰው በንግድ ቀንቶት መጀመሪያ የሚሠራው ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ለጎረቤት የሚሠራ ነው፤ ይህም የወጣትነት ጠባይ ስለ ሆነ ይቅር ይባላል። ልቡናው እየበሰለ በሄደ መጠን ግን፣ ሰው ምን ይለኛል ማለቱን ትቶ፣ ቤቱ ለማን ምን ይሆነዋል ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ከተማ መሆኗን የዘነጋ የመስተዋት ፊት፣ ከአዲስ አበባ ተኮርጆ ሲመጣ፣ ሌሊቱን ብርድ አስገብቶ ያሳድራል፤ ባለቤቱም በውድ ዋጋ የገዛውን መስተዋት ከውስጥ በብርድ ልብስ ይጋርደዋል። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛውን ቤት ሲያሠራ ግድግዳውን ቢያወፍርና መስኮቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞር፣ ዕድገቱን ከባንክ ደብተሩ ይልቅ በዚያ መስኮት አነበዋለሁ።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአውራ ጎዳናው የሚታየውን ፊት ብቻ መርምሮ እንዳያልፍ፣ የጎኑና የጀርባው ግድግዳ ሥራ፣ የዝናቡ ውኃ መውረጃና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጭምር በፕላኑ ላይ ተሥሎ እንዲቀርብለት ግዴታ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ባለቤቱም ገንዘቡ ቢያጥርበት የፊቱን አሉኮቦንድ ለሌላ ዓመት ያቆየው።