«ግልጽ ነው»

እኛ የሒሳብ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ቃል እንፈራለን። ይኸውም «ግልጽ ነው» የሚለው ነው። መምህሩ ሰሌዳውን እስከ ግማሽ ሞልቶ ይህን ከተናገረ በኋላ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እኛም ግልጽ ሳይሆንልን እየገለበጥን እንከተላለን። እጁን የሚያወጣ የለም። ለምን ቢሉ፥ ያልገባው ለእኔ ብቻ ነው እያልን እያንዳንዳችን ስለምንሠጋ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን በመንፈቁ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሔደ። ከእኛ የሰነፈ አልነበረም። ትቶልን የሔደውን ደብተር ስንገልጥ፥ በዳሩ ላይ የጥያቄ ምልክት ያደረገባቸው ቦታዎች እኛም በየደብተራችን ምልክት ያደረግንባቸው ሆነው አገኘናቸው። አምስት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ይህን አለመነጋገራችን ያሳፍረናል።

የትምህርቱ ጠባይ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በዚያን ጊዜ በፖላንድ በነበረችው፥ ዛሬ የዩክሬን በሆነችው በሊቪቭ ከተማ፥ ባናኽ፥ ማዙርና ኡላም «ስኮትላንዳዊው ካፌ» በሚባል ቡና ቤት ተሰብስበው በእብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ እየጻፉ ይከራከሩ ነበር። ጠረጴዛው በተወለወለ ቁጥር ሥራው ይጠፋ ስለ ነበር፥ የባናኽ ባለቤት በ1935 እ.ኤ.አ. ወፍራም ደብተር ገዛችላቸው። ደብተሩ እዚያው ካፌ ይቀመጣል፤ መልሱን ያጣ ሰው ጥያቄውን ከነስሙ ይጽፍበታል፤ አንዳንዱም ለሚፈታለት ቢራ ወይም ወይን ጠጅ ይመድባል። ማዙር በ1936 ለጻፈው ጥያቄ ዝይ ከነሕይወቷ መደበ። ስዊድናዊው ፔር ኤንፍሎ በ1972 ፈትቶት ዝይዋን ዋርሶ ላይ ተረከበ! እኛን የገረመን ግን ዝይዋ አይደለችም፤ ታላቅ መምህር «አላውቅም» ብሎ በስሙ መጻፉ ነው።

ሩቅ መሔድም አያሻም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን የቆጠረውን ቅኔ በአስነጋሪው ፊት ይናገራል፤ ቢሳሳት ይታረማል፤ ነገም ተመልሶ ይናገራል። (ተግሣጹ እንዳለ ሆኖ።)

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ግን አይገባንም። እኛም ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መልመጃ ስናሠራ፥ ሰዓት ሲያጥረን ያችኑ ቃል እንደግማለን። ባለፈው ማክሰኞ ከእኛ አንዱ ሲላት፥ በኋላ ወንበር የነበረች ልጅ ደብተሯን ከደነች።

ስለዚህ በክፍላችን የንባብ ክፍል በመስኮቱ አጠገብ አንድ ደብተር እናኖራለን፤ መምህራንም ተማሪዎችም ከነስማቸው ይጻፉበት። ሽልማቱን ዶሮ እንዳናደርገው የበዓል ዋጋዋን እናውቃለን፤ ማኪያቶ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች የምንገለብጠው ከጓደኛችን ደብተር ዳር ነው። መልስ የሚገኝ እንደሆነ ካለበት እንልክለታለን።