ክንፍ ያለው ሁሉ ዜማውን ይዞ አይሄድም

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በአባ ሳሙኤል ውኃ ዳር ስለሚኖሩት አዕዋፍ ነገር በተነሣ ቍጥር፣ «ወፍ ክንፍ አለው፤ ረግረጉ ቢሞላ፣ የከተማው እድፍ ወንዙን ቢመርዘው ሌላ ስፍራ ሄዶ ይኖራል» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር አስተዋይነት ይመስላል፤ ነገር ግን ወፍን በላባውና በቍጥሩ ብቻ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

እርግጥ ዶሮና ርግብ ድምፃቸው ከፍጥረታቸው ነው። ዘማሪዎቹ ወፎች ግን እንደ ደቀ መዝሙር ከታላላቆቻቸው ሰምተው ይማራሉ፤ ስለዚህም የአንዱ አገር ዜማ ከሌላው ይለያል። ይህ ለካህናት እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ድጓ አንድ ሲሆን የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ዜማ ይለያያል። የቆማ መምህራን ቢያልቁ፣ «ድጓው በቤተ ልሔም አለ» ብሎ የሚጽናና ደብተራ ማን ነው?

በአውስትራልያ ከጥቂት መቶ የማይበልጥ አንድ የአበባ ማር የሚቀስም ወፍ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ ከመቶ ወንዶች 27ቱ ከአገራቸው ዜማ ወጥተው ተገኝተዋል፤ 12ቱማ የዘራቸውን ዜማ ጨርሰው ስተው የባዕድ ወፍ ዜማ ይዘምራሉ፤ የሚያስተምራቸው ሽማግሌ አጥተዋልና። ዜማው የተበላሸበት ወንድም ተጓዳኝ የማግኘት ዕድሉ ያንሳል። ይህ ወፍ ደግሞ እጅግ ሩቅ በራሪ ነው፤ ክንፉ ምን ጠቀመው?

በአገራችንም ከነገሌ አጠገብ በሊበን ሜዳ፣ ፈረንጆች ላርክ ከሚሏቸው ወገን የሆነች ለመጥፋት የተቃረበች የሣር ወፍ አለች። በ1975 ስም ወጣላት፤ በኋላም በጅግጅጋ አካባቢ የምትመስላት ተገኘች። በ2013 የታተመ ጥናት እነዚህን ሁለቱን፣ በ1920 ከተሰየመችውና ከ1922 ወዲህ ካልታየችው ከሶማሌላንድ ወፍ ጋር አንድ ዘር ናቸው አለ። ለሶማሌላንዷ የመሰከረላት በሙዚየም 90 ዓመት ያህል የቈየ ቆዳዋ ነው። ዜማዋን ግን የቀዳው አልነበረም፤ ከእኅቶቿ ዜማ በምን ይለይ እንደ ነበረ ከእንግዲህ የሚናገር የለም። ቆዳ በሣጥን ይቀመጣል።

«እንግዲያስ የአቃቂውን ዜማ በመቅጃ እናስቀምጥ» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ያ ግን ለመርማሪ ምስክር ይሆናል እንጂ በሣሩ መካከል ለተፈለፈለው ጫጩት መምህር አይሆነውም። የአባ ሳሙኤልን ዳርቻ የሚከፋፍል ሹም እስከ ዛሬ የሚጠየቀው፣ ስንት ዐይነት ወፍ እንዳለ ነው። ይልቅስ እዚያ ተፈልፍለው የሚያድጉት የትኞቹ እንደ ሆኑና፣ ሽማግሌዎቻቸው ሲበተኑ ከማን እንዲማሩ እንዳሰበ ይጠየቅ።